ከሞዴል 22 በፊት መቅደም ያለበት ምዝገባ፦ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች አስተዳደር በደሴና በኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕና በኢንቴል በኩል ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በደሴና በኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ካሉት ኮምፒውተሮች መካከል ይህን መስፈርት የማያሟሉት ጥቂት አይደሉም። መስፈርቱን ባያሟሉም አልተበላሹም፤ ደብዳቤ ይጻፍባቸዋል፣ ሪፖርት ይሠራባቸዋል፣ ኢንተርኔት ይከፍታሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ስላለፈ፣ እነዚህን ሁሉ በአዲስ የሚተካ በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም፣ ማለትም ኡቡንቱን ወይም ሌላ እትሙን፣ ጭኖ ነባሩን ኮምፒውተር ለተጨማሪ ዓመታት ማሠራት የብዙ አይሲቲ ባለሙያዎች የመጀመሪያ ሐሳብ መሆኑ ተገቢ ነው።

ሆኖም ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ጭነቱ ላይ ነው። የትኛው እትም ይሻላል፣ አማርኛ እንዴት ይጻፍበታል፣ ፕሪንተሩን ያውቀዋል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አግባብ ያላቸው ናቸው፤ ሁሉም መልስ አላቸው። ብዙም ሳይጠየቅ የሚታለፈው ግን ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ከአይሲቲ ክፍል ወጥቶ ሠራተኛው እጅ ከገባ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ስለዚያ ኮምፒውተር ምን እንደሚያውቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ በመሣሪያ አስተዳደር ሶፍትዌር (የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ሁኔታ ከአንድ ቦታ በሚከታተል ፕሮግራም) ያልተመዘገበ ኮምፒውተር ሞዴል 22፣ ማለትም ንብረት ለሠራተኛ ሲሰጥ የሚፈረምበት ቅጽ፣ ሊቆረጥለት አይገባም የሚል ነው።

የንብረት አሠራራችንን የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ንብረት ክፍል ኮምፒውተሩ ሲገባ በሞዴል 19 ይረከባል፣ ለሠራተኛ ሲሰጥ በሞዴል 22 ያስፈርማል። ወረቀቱ ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረው ዓይነቱን፣ ሴሪያል ቁጥሩንና የፈረመውን ሰው ስም ነው። በውስጡ የትኛው ሲስተም እንዳለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ እንደሆነ፣ ዲስኩ የተመሰጠረ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የተደረገ) መሆን አለመሆኑን አይናገርም። የመሣሪያ አስተዳደር ሶፍትዌር በበኩሉ ይህን ሁሉ ይዘግባል፤ ነገር ግን ዕቃውን ማን ፈርሞ እንደወሰደው፣ በየትኛው ቢሮ እንደተቀመጠ ካልተነገረው አያውቅም። ሁለቱ መዝገቦች በአንድ የንብረት ቁጥር ሲተሳሰሩ ግን የትኛው ሠራተኛ እጅ ያለው ኮምፒውተር ከመቼ ጀምሮ እንዳልታደሰ በአንድ እይታ ይታያል።

ምዝገባ የሌለው ሊኑክስ ለምን እንደማይበቃ ከራሳችን ታሪክ ማየት ይቻላል። በጥቅምትና በህዳር 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ በተያዙበት ወቅት፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲንና የደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ጨምሮ በርካታ የሕዝብ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከተወሰዱት ንብረቶች መካከል ኮምፒውተሮች ይገኙበታል። ስለ ጠፋው ንብረት ዋጋ ብዙ ተነግሯል። በዲስኮቹ ላይ ስለነበረው የሰው መረጃ የተነገረው ግን ትንሽ ነው። ያልተመሰጠረ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ ይነበባል፤ የዊንዶውስም ሆነ የሊኑክስ የይለፍ ቃል ይህን አይከለክልም። የትኛው ኮምፒውተር ምን እንደያዘና ዲስኩ የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ መዝገብ ቢኖር፣ ተቋሙ ቢያንስ የማን መረጃ ለአደጋ እንደተጋለጠ መናገር ይችላል።

ሁለቱ ከተሞች ከተለቀቁ በኋላ፣ ተቋማት ቢሮዎቻቸውን እንደገና በሚያደራጁበት በጥር 2014 ዓ.ም.፣ ኳሊስ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ፓውንኪት የሚል ስም የተሰጠውን የደህንነት ክፍተት ይፋ አደረገ። ክፍተቱ የሚገኘው ፖልኪት በተባለውና በአብዛኞቹ የሊኑክስ እትሞች ውስጥ አብሮ በሚመጣው ፓኬጅ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ12 ዓመታት በላይ ማንም ሳያስተውለው የቆየ ሲሆን፣ ተራ ተጠቃሚ የሆነ ሰው ምንም ልዩ ፈቃድ ሳይኖረው የኮምፒውተሩ ሙሉ ባለሥልጣን እንዲሆን ያስችለዋል። ማስተካከያው ወዲያው ወጥቷል። ማስተካከያው በየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደደረሰ የማወቁ ሥራ ግን ለየመሥሪያ ቤቱ የተተወ ነው። ምዝገባ የሌለው መሥሪያ ቤት ይህን ለማጣራት ባለሙያ ከቢሮ ወደ ቢሮ ልኮ እያንዳንዱን ኮምፒውተር ማስከፈት አለበት። ምዝገባ ያለው አንድ ጥያቄ ጽፎ መልሱን ያገኛል። «ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» የሚለው አባባል በየቢሮው ሲደጋገም እሰማለሁ፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ክፍተት ጋር ሲተያይ አደገኛ መዘናጋት ነው።

የአስተዳደር ሶፍትዌሩ ምርጫ

አፕል ለምርቶቹ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ፣ ጉግል ለአንድሮይድ ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ ከካርቶኑ ወጥቶ ገና ሲከፈት ራሱ ወደ ድርጅቱ መዝገብ የሚገባበትን መንገድ አዘጋጅተዋል። ሊኑክስ አንድ ባለቤት ስለሌለው እንዲህ ያለ አንድ ወጥ መንገድ የለውም። ኤጀንት የሚባለውን አነስተኛ ፕሮግራም ጭኖ ከሰርቨሩ ጋር የሚያስተዋውቀው ሰው፣ ወይም ሰው አስቀድሞ ያዘጋጀው ስክሪፕት፣ መኖር አለበት። የአሠራር ሥርዓቱ ከሶፍትዌሩ ምርጫ በላይ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የማይክሮሶፍት ኢንቱን ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ የሊኑክስ ዴስክቶፖችን ይቀበላል። ምዝገባውን የሚያካሂደው ሠራተኛው ራሱ ነው፤ የኢንቱንን መተግበሪያና የኤጅን ማሰሻ ከጫነ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ አካውንት ይገባል። የሚቀበለው ግን የኡቡንቱን የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትሞችና ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስን ነው፤ ለአሮጌ ኮምፒውተር ቀለል ይላል ተብሎ በብዛት የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በሊኑክስ ላይ ያለው አቅምም በዊንዶውስ ላይ ካለው ያንሳል፤ በዋናነት የሲስተሙን እትም፣ የዲስክ ምስጠራንና የይለፍ ቃል ጥንካሬን እየመረመረ መስፈርቱን ያላሟላውን ኮምፒውተር ከመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልና ፋይሎች ያግዳል። ፈቃዱ በየተጠቃሚው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት በመሆኑ፣ ቀድሞውኑ የማይክሮሶፍት 365 ደንበኛ ላልሆነ የዞን ወይም የከተማ ጽሕፈት ቤት የሚመከር አይመስለኝም። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ኢንቱንን አስቀድሞ ለሚጠቀም ኩባንያ ግን ተፈጥሯዊው ምርጫ እሱ ነው።

ላንድስኬፕ የኡቡንቱ ባለቤት የካኖኒካል ምርት ነው። በራስ ሰርቨር ላይ ሊተከል ይችላል። ኮምፒውተሩ የምዝገባ ጥያቄ ሲልክ አስተዳዳሪው አይቶ እስኪቀበለው ድረስ በተጠባባቂነት ይቆያል፤ ይህ ባሕርይው ከንብረት ክፍል አሠራር ጋር በጣም ይጣጣማል፣ ምክንያቱም የሞዴል 19 ቁጥር የሌለውን ኮምፒውተር አለመቀበል ይቻላል።

ፍሊት ክፍት ምንጭ ሲሆን የሚንቀሳቀሰው በኦኤስኩዌሪ ላይ ነው። ኦኤስኩዌሪን ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል፤ የኮምፒውተሩን ይዘት እንደ ዳታቤዝ ሰንጠረዥ አድርጎ ያቀርባል። «ፖልኪት ከዚህ እትም በታች የሆነባቸውን ኮምፒውተሮች ዘርዝር» የሚለው ጥያቄ ኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ በአንድ መስመር ተጽፎ ይላካል፤ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችንም አብሮ ይጠይቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፒችትሪን የመሰለ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም እስካለ ድረስ የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተሮች በዊንዶውስ ላይ መቆየታቸው አይቀርም፤ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ መዝገብ ማየት ለአነስተኛ አይሲቲ ክፍል ትልቅ እፎይታ ነው።

አንሲብል በትክክለኛው ስያሜ የምዝገባ ሶፍትዌር አይደለም፤ ትእዛዝን በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማዘዝ በሚያገለግል የተመሰጠረ ግንኙነት) በኩል ለብዙ ኮምፒውተሮች ማድረሻ ነው። ኤጀንት ስለማይፈልግ ለሰርቨሮች እጅግ ይመቻል። ለዴስክቶፖችና ለላፕቶፖች ግን ትእዛዙ በተላለፈበት ሰዓት ተዘግቶ የነበረው ኮምፒውተር ሳይደርሰው ይቀራል። መፍትሔው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው፦ በአንሲብል-ፑል እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ጊዜ መመሪያውን ከሰርቨሩ ያወርዳል። ማስጀመሪያው የሲስተምዲ (በሊኑክስ ውስጥ ሌሎች አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሰዓት ቆጣሪ ከሆነና ያመለጠውን ሰዓት እንዲያስታውስ ከታዘዘ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት ያለፈው ሥራ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ይከናወናል።

ለእኛ ሁኔታ የማደላው ፍሊትንና አንሲብል-ፑልን አንድ ላይ ወደ መጠቀም ነው፤ አንዱ ያያል፣ ሌላው ያስተካክላል። ሁሉም ኮምፒውተሮቹ ኡቡንቱ የሆኑለት ተቋም ግን በላንድስኬፕ ብቻ ቢወሰን ሥራው ይቀልለታል።

በርክክቡ ጠረጴዛ ላይ

ምዝገባው ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በጥቃቅን ነገሮች ነው። የመጀመሪያው የማሽን መለያ ነው። ሊኑክስ ሲጫን 32 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ፈጥሮ ማሽን-አይዲ በተባለ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ባለሙያው አንዱን ኮምፒውተር አሳምሮ ጭኖ ሌሎቹን በክሎንዚላ (የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም) ሲገለብጥ፣ ጊዜ ይቆጥብልኛል ብሎ ነው፤ ነገር ግን መለያውም አብሮ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በአንድ የኮምቦልቻ መሥሪያ ቤት ተመልክቻለሁ። የስልጠና ክፍሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ በርተው ሳለ በመዝገቡ ላይ የሚታየው አንድ ብቻ ነበር። ስሙና የአይፒ አድራሻው በየደቂቃው ይለዋወጣል፤ ሁሉም በየተራ «እኔ ነኝ» እያሉ አንዱን መስመር ይሽቀዳደሙበታል። ማሻሻያ ሲላክ መጀመሪያ የደረሰው ይወስደዋል፣ ሌሎቹ እንደተሠራላቸው ተቆጥሮ ያልፋሉ። ባለሙያዎቹ በኔትወርኩ ገመዶችና በስዊቹ ላይ ብዙ ከደከሙ በኋላ ነው ምክንያቱ የተገኘው። መፍትሔው ከመገልበጡ በፊት ያን ፋይል ባዶ ማድረግ ነው፤ ፋይሉን ራሱን ማጥፋት አያስፈልግም። ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሲስተምዲ በመጀመሪያው አነሳስ ላይ አዲስ መለያ ይፈጥራል። የኤስኤስኤች የሰርቨር ቁልፎችም በዚሁ መንገድ መሰረዝና እንደ አዲስ መፈጠር አለባቸው፤ አለበለዚያ የአንዱን ኮምፒውተር ቁልፍ ያገኘ ሰው ሌሎቹን መስሎ መቅረብ ይችላል። ኤጀንቱም በናሙናው ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ መመዝገብ የለበትም፤ ከግልበጣው በኋላ በየኮምፒውተሩ ለየብቻ ይመዝገብ።

ከግልበጣ የተሻለው መንገድ አውቶኢንስቶል ነው። የኡቡንቱ 24.04 የዴስክቶፕ እትም አንድ የመመሪያ ፋይል ተሰጥቶት ያለ ሰው ጥያቄና መልስ ራሱን ይጭናል፤ ዴቢያን ለዚሁ ፕሪሲድ፣ ሬድ ሃት ደግሞ ኪክስታርት አላቸው። በመመሪያው መጨረሻ ላይ ኤጀንቱን የሚጭን ትእዛዝ ከተጨመረ፣ ጭነትና ምዝገባ አንድ ሥራ ይሆናሉ። መለያውም የሁሉም የየራሱ ስለሚሆን ከላይ የተነሳው ችግር አይፈጠርም።

ሁለተኛው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ነው። ኡቡንቱ ሲጫን መጀመሪያ የሚፈጠረው ተጠቃሚ ወዲያውኑ የሱዶ፣ ማለትም የአስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ይሰጠዋል። ባለሙያው ፍጥነት ለማግኘት ሲል የመጀመሪያውን ተጠቃሚ በሠራተኛው ስም ከፈጠረው፣ ሠራተኛው ኤጀንቱን ለማስቆምም ሆነ ለማጥፋት የሚያግደው ነገር አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጠቃሚ የአይሲቲ ክፍሉ ይሁን፤ የሠራተኛው አካውንት ያለ ሱዶ ሥልጣን በሁለተኛነት ይፈጠር። ሠራተኛው ፕሮግራም ሲያስፈልገው የሚጠይቅበት መንገድ ከሌለ ግን ይህ ክልከላ ሰዎች የራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘው እንዲመጡ ይገፋል። ክልከላውና የጥያቄው መስኮት አብረው መከፈት አለባቸው።

ሦስተኛው የዲስክ ምስጠራ ሲሆን፣ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀውም እሱ ነው። የሊኑክስ መደበኛ ምስጠራ ሉክስ ይባላል። በተጫነ ሲስተም ላይ በኋላ መጨመር አድካሚና አደጋ ያለበት ስለሆነ፣ ውሳኔው በጭነቱ ሰዓት መወሰን አለበት። ሉክስ በአንድ ዲስክ ላይ ከአንድ በላይ ቁልፍ ይቀበላል፤ የቀድሞው እትም 8፣ አዲሱ እስከ 32 የቁልፍ ቦታ አለው። በአንዱ ቦታ የሠራተኛው የይለፍ ሐረግ፣ በሌላው የመሥሪያ ቤቱ የመጠባበቂያ ቁልፍ ይግባ። የመጠባበቂያ ቁልፉ በኮምፒውተሩ ንብረት ቁጥር ተለይቶ፣ ከሁለት በማይበልጡ ኃላፊዎች እጅ፣ በታሸገ ፖስታ በካዝና ወይም በተመሰጠረ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ይህ ካልተደረገ ሠራተኛው ሲዘዋወር ወይም ሲሞት የዓመታት ሥራ ይዞ የተቆለፈ ዲስክ ይቀራል።

ምስጠራ በሁለቱ ከተሞች ውስጥ የራሱ ችግር አለው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ከመነሳቱ በፊት የይለፍ ሐረጉን ይጠይቃል። ቲፒኤም 2.0 ያለው ኮምፒውተር ራሱ እንዲከፍት ማድረግ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሊኑክስ የተሻገሩት ኮምፒውተሮች አብዛኛዎቹ ዊንዶውስ 11 የነፈጋቸው ስለሆኑ ይህ ቺፕ ላይኖራቸው ይችላል። ሦስትና አራት ሰዎች እየተፈራረቁ በሚሠሩበት የአገልግሎት መስኮት ላይ ሐረጉ በወረቀት ተጽፎ ሞኒተሩ ላይ ይለጠፋል፤ ያኔ ምስጠራው ለስም ብቻ ይኖራል። ስለዚህ ሁሉም ይመስጠር ከማለት ይልቅ መለየት ይሻላል። ላፕቶፖች በሙሉ፣ የታካሚ መረጃ፣ የደመወዝና የሰው ኃይል ማኅደር የሚይዙ ኮምፒውተሮች ይመስጠሩ። የአገልግሎት መስኮት ኮምፒውተሮች ደግሞ ፋይል በራሳቸው ላይ እንዳያስቀምጡ፣ ሁሉም ሥራ በሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥ ይደረግ። የጠፋን ኮምፒውተር ከሩቅ እደመስሳለሁ የሚል ተስፋ መያዝ አይገባም። ኢንቱን ይህን ለሊኑክስ አያቀርብም፤ ሌሎቹም ቢያቀርቡ ትእዛዙ የሚደርሰው ኮምፒውተሩ ከመረቡ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ህዳር የነበረው ሁኔታ ቢደገም የሚጠቅመው አስቀድሞ የተመሰጠረ ዲስክ ነው።

የምዝገባ ሚስጥራዊ ቁልፉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሊትም ሆነ ላንድስኬፕ አዲስ ኮምፒውተርን የሚለዩበት የጋራ ቁልፍ አላቸው፤ በፍሊት ቁልፉ በመጫኛ ፋይሉ ውስጥ ይካተታል። ያ ፋይል በፍላሽ እየዞረ ፒያሳ ካለ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ቢቀር፣ ያገኘው ሰው የራሱን ማሽን በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ቁልፉን በየምዝገባው ዙር መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ባለሙያው የኮምፒውተሩን ስም በንብረት ቁጥሩ ይሰይማል፣ በመዝገቡ ላይ መታየቱን ከንብረት ክፍል ባልደረባው ጋር ሆኖ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ይፈርማል። በሞዴል 22 የመግለጫ ቦታ ላይ «ተመዝግቧል» የሚል አንድ ቃልና ቀኑ ቢሰፍር ሌላ አዲስ ቅጽ ማሳተም አያስፈልግም።

መብራትና መረብ

ሰርቨሩን የት እናስቀምጥ የሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ ላለ ድርጅትና ደሴ ላለ ድርጅት እኩል አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። አስተዳደሩ በሙሉ ውጭ አገር ባለ ክላውድ ላይ የተመሠረተ መሥሪያ ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ ኮምፒውተሮቹን ማየትም ማዘዝም አይችልም። በግቢው ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር ግን የውስጥ ኔትወርኩ እስካለ ድረስ ይሠራል። ለጥቂት መቶ ኮምፒውተሮች የሚሆን የፍሊት ሰርቨር ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ ማይኤስኪውኤልና ሬዲስ የተባሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ከሚጫኑበት አንድ ደህና ኮምፒውተር፣ ከዩፒኤስና በየቀኑ ከሚወሰድ መጠባበቂያ ቅጂ ጋር ይበቃል። ቅጂው በሌላው ከተማ ቢቀመጥ ደግሞ ይመረጣል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚራራቁ ስለሆኑ፣ እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ያላቸው ተቋማት አንዱን ለሌላው መጠባበቂያ ማድረግ ይችላሉ። ግንኙነቱ በዋየርጋርድ (በሁለት ቦታዎች መካከል የተመሰጠረ መስመር በሚፈጥር ፕሮግራም) ሊመሰጠር ይችላል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ ዋና አካል) ውስጥ ተካቶ የሚመጣ ስለሆነ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

የማሻሻያዎች ማውረጃ ሌላው ጉዳይ ነው። አንድ ወርሃዊ የማሻሻያ ጥቅል 300 ሜጋባይት ቢሆንና መቶ ኮምፒውተሮች ለየብቻ ቢያወርዱት 30 ጊጋባይት ይሆናል፤ የጠዋቱ ሰዓት መረብ በዚህ ይታነቃል። አፕት-ካሸር-ኤንጂ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አንድ ፓኬጅ አንድ ጊዜ ወርዶ በግቢው ውስጥ እንዲቀመጥና ለሌሎቹ ከዚያ እንዲታደል ያደርጋል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ይህን ማከፋፈያ እንዲጠቀም በምዝገባው ጊዜ አብሮ ይታዘዝ። ኡቡንቱ የደህንነት ማሻሻያዎችን በራሱ እንዲጭን ሆኖ ስለሚመጣ፣ ማከፋፈያው ካለ አብዛኛው የማደስ ሥራ ያለ ሰው ትእዛዝ ይከናወናል። ለአይሲቲ ክፍሉ የሚቀረው በመዝገቡ ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው» የሚለውን ዓምድ መከታተል ነው። ለአንድ ወር ያልታየ ኮምፒውተር ተበላሽቶ፣ መጋዘን ገብቶ፣ ሠራተኛው ቤት ተወስዶ ወይም ተሰርቆ ሊሆን ይችላል፤ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ የሚደረገው የንብረት ቆጠራ በዚህ ዝርዝር ቢጀምር፣ ቆጣሪዎቹ የትኛውን ቢሮ መጀመሪያ መፈተሽ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ሠራተኛው የሚያየው

ለሠራተኛው ይህ ሁሉ የሚታየው በጥቂት ነገሮች ነው፤ ከሁሉም በላይ በአማርኛ አጻጻፍ። በየኮምፒውተሩ እየዞሩ የአይባስን (የሊኑክስ የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም) የአማርኛ ኪቦርድ ማስተካከል አድካሚ ነው፤ በአንሲብል በኩል ግን የኪቦርዱ ፓኬጅ፣ የግዕዝ ፎንቶቹና የቅንብሩ ፋይል ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። የጋራ ፕሪንተሩም እንዲሁ። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ አማርኛ የሚጽፍና ወደ ፕሪንተሩ የሚልክ ኮምፒውተር ካገኘ ስለ ሊኑክስ የሚነሳው ቅሬታ በብዙው ይቀንሳል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ማሳካት ለጠቅላላው ሽግግር ወሳኝ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አስተዳደር ማለት ክትትል ብቻ አለመሆኑንም ሠራተኛው በተግባር ያይበታል።

ክትትሉ ግን አለ፤ ሊሸሸግም አይገባም። ኦኤስኩዌሪ የተጫኑ ፕሮግራሞችን፣ እየሠሩ ያሉ ሂደቶችን፣ የተሰኩ ፍላሾችንና ማን መቼ እንደገባ ማሳየት ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለታወቀና ለተገለጸ ዓላማ፣ ለዚያ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበስብ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ የሚሰበስበውን ዝርዝር በአንድ ገጽ ጽፎ ሠራተኛው ከሞዴል 22 ጋር እንዲፈርምበት ማድረግ አለበት፤ የማሰሻ ታሪክንና የግል ፋይሎችን እንደማይመለከት በግልጽ ይጻፍ፤ ጥያቄ የመላክ ሥልጣን ያላቸው ሰዎችም ይወሰኑ፤ የላኩትም ተመዝግቦ ይቀመጥ። አለቃ በአንድ ሠራተኛ ላይ ቂም ሲይዝ የሚመዘው መሣሪያ እንዳይሆን መጠበቅ የአይሲቲ ኃላፊው ግዴታ ነው።

ቀድሞ የተሰጡትና የሚመለሱት

ሳይመዘገቡ የተሰጡ ኮምፒውተሮች ባሉበት ተቋም ውስጥ ሁሉንም ሰብስቦ እንደ አዲስ መጫን ሥራ ያስቆማል። ኤጀንቱን ብቻ በመጀመሪያ መጫን፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ያለ ምንም ለውጥ እያዩ ዝርዝሩን ከሞዴል 22 ጋር ማመሳከር ይቻላል። በማመሳከሩ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያሉ ግን ያልተገኙ፣ ተገኝተውም ወረቀት የሌላቸው ኮምፒውተሮች መውጣታቸው አይቀርም፤ ይህ ለንብረት ክፍሉ የማይመች ጊዜ ስለሚሆን የበላይ ኃላፊው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ላፕቶፖች፣ የታካሚና የደመወዝ መረጃ የያዙ ኮምፒውተሮች በየተራ እየተመለሱ በምስጠራ እንደገና ይጫኑ። የተቀሩት ለጥገና ሲመጡ ይደርሳሉ።

ሠራተኛ ሲዘዋወር ወይም ሥራ ሲለቅ የክሊራንስ ወረቀቱ ላይ የአይሲቲ ክፍል ፊርማ መስመር አለ፤ በብዙ ቦታ ይህ ፊርማ ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ይፈረማል። ፊርማው እንዲቀጥል ካስፈለገ አራት ነገሮች ይቅደሙት፦ የሥራው ፋይሎች ለተተኪው ተላልፈዋል፣ የሠራተኛው አካውንት ተዘግቷል፣ ከሉክስ ቁልፎች መካከል የእሱ ተሰርዟል፣ በመዝገቡ ላይ ያለው የባለቤት ስም ተቀይሯል። ኮምፒውተሩ አርጅቶ በጨረታ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ የሉክስ ቁልፎች በሙሉ ይሰረዛሉ፤ በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ በዚያው ቅጽበት ማንም ሊያነበው ወደማይችል ነገር ይለወጣል፤ ሥራው ከደቂቃ አይበልጥም። ያልተመሰጠረ ዲስክ ግን ለሰዓታት በላዩ ላይ መጻፍ ወይም ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መቅረት አለበት። የኮምፒውተሩ ስም ከአስተዳደር ሶፍትዌሩ የሚሰረዘው ይህ ተፈጽሞ የማስወገጃ ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ነው።